የጦስኝ ዘይት ለልጅ ይሰጣል?

የሚኪ እናት፦
ሰላም ወገኖች። እኛ ቤት ጦስኝ ጠፍቶ አያውቅም፣ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ሻዩን ይጠጣል። ሰሞኑን ግን ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ የምትሸጥ ሴት አገኘሁ። ባክቴሪያ ይገድላል፣ አንቲኦክሲዳንት አለው፣ ሁለት ጠብታ በማር አድርገሽ ስጪው አለችኝ። ልጄ 4 ዓመቱ ነው፣ ጉሮሮውን ያመዋል። አንቲባዮቲክ በየጊዜው እንዲወስድ አልፈልግም። ልስጠው?

ላብ ቴክ፦
እህቴ፣ በፍጹም እንዳትሰጪው! ሻዩና ዘይቱ አንድ አይደሉም። ዘይቱ የሚወጣው ቅጠሉን በእንፋሎት በማጣራት ነው፣ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል የሚገኘው አንድ የቡና ስኒ እንኳን አይሞላም። ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ከዚህ ገምቺ።

ባክቴሪያ መግደሉ እውነት ነው። ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ንጥረ ነገሮች የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሱታል፣ ውስጡ ያለው ይፈሳል፣ ይሞታል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ላይ ጥሩ ይሠራል፣ ሱዶሞናስ የሚባለው ግን ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላለው በቀላሉ አይበገርም። ይህ ሁሉ የሚታየው ግን ዘይቱ ባክቴሪያውን በቀጥታ ሲነካው፣ ላብራቶሪ ሳህን ላይ ነው። ያንን መጠን ልጅ ሰውነት ውስጥ ላድርስ ብትዪ የሚጎዳው ልጁ ነው፤ አፉንና ጉሮሮውን ያቃጥለዋል፣ ትን ካለው ደግሞ ሳንባው ይገባል።

ሌላው፣ የጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ግን ሳይታከም ሲቀር የልብ በር እስከማበላሸት ይደርሳል። በአገራችን ስንት ልጅ በዚህ ልቡን ታሟል! አስመርምሪው።

የመንዝ ልጅ፦
እኔ የምጨምረው ስለ ተክሉ ነው። ጦስኝ ከመንዝ እስከ ባሌ ደጋው ላይ በዱር ይበቅላል፣ ግን ከቦታ ቦታ የቲሞሉና የካርቫክሮሉ መጠን ይለያያል። ስለዚህ "ሁለት ጠብታ" የሚለው ልክ ከየት መጣ? ደግሞ እባካችሁ የምትለቅሙ ሰዎች ከነሥሩ አትንቀሉት፣ ከላይ ከላይ ቁረጡት። ዘይት ለማውጣት ብዙ ጆንያ ነው የሚፈልገው፣ በዚህ አያያዝ ተራራው ባዶ ይቀራል።

ሄለን የምግብ ሳይንስ፦
አንቲኦክሲዳንት ስለተባለው፦ ቅቤ ሲቆይ የሚሸተው ስቡ ከኦክስጅን ጋር ስለሚገናኝ ነው፣ የተበላሸው ቀጣዩን እያበላሸ እንደ ሰንሰለት ይቀጥላል። ቲሞልና ካርቫክሮል ሃይድሮጅን ሰጥተው ያንን ሰንሰለት ያቋርጡታል። ለኔ የእነዚህ ቅጠሎች ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ምግብ ማቆየት ላይ። ቅቤ ስናነጥር ቆሰረት መጨመራችን ለሽታው ብቻ አይመስለኝም። ሳህን ላይ አንቲኦክሲዳንት ሆነ ማለት ግን የታመመ ልጅ ያድናል ማለት አይደለም።

የሚኪ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። አልገዛውም፣ ነገ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ። ሻዩንስ ይጠጣ?

ላብ ቴክ፦
ቀጠን፣ ለብ አድርገሽ ስጪው። ትኩሳት ካለው ወይም መዋጥ ካቃተው ግን ነገን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው።