የመጸው ጉዟችን ወደ ቦልስ ብላፍ ይሁን? ሐሳብ ስጡበት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የዘንድሮው ጉዞ በኦክቶበር ካሉት ቅዳሜዎች በአንዱ እንዲሆን ተስማምተናል። የቀረው ቦታው ነው። እኔ ቦልስ ብላፍን አቀርባለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሊስበርግ ከተማ ዳር፣ ፖቶማክ ወንዝ አፋፍ ላይ ያለ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጦር ሜዳ ፓርክ ነው። መግቢያ አይከፈልበትም። የምትሉትን በሙሉ ሰብስቤ አንድ የጋራ ሐሳብ አድርጌ ለሥራ አስፈጻሚው አቀርባለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ነጻ መሆኑን ወድጄዋለሁ። ግን እንደ ጌቲስበርግና መናሳስ ያሉ ስመ ጥር የጦር ሜዳዎች እያሉ፣ ስሙን እንኳ ሰምተነው የማናውቀው ቦታ ማን ይመጣል?

ጸሐፊው፦
እትዬ፣ ጌቲስበርግ ሰፊ ነው። ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ይሄኛውን ሽማግሌም ልጅም ቀስ እያለ በእግሩ ይዞረዋል። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1861 ማታ የሰሜኑ ጦር ቃፊሮች ወንዙን ተሻግረው ገደሉ ላይ ወጡ። በጨረቃ ብርሃን የዛፍ ረድፍ አይተው «የጠላት ድንኳን ነው» ብለው ተመለሱ። አዛዡ ጄኔራል ቻርልስ ስቶን ሰፈሩን የሚመታ ጦር በሌሊት ላከ። ሲነጋ ድንኳን የሚባል ነገር የለም። ጦሩ ግን ተሻግሯል፤ ደቡቦቹም አይተውታል። ኮሎኔል ኤድዋርድ ቤከር ተጨማሪ ጦር ይዞ እንዲመራ ተላከ። ቤከር የኦሪገን ሴናተር ነው። የሊንከን የልብ ወዳጅ ስለነበር ሊንከን አንዱን ልጁን በስሙ ጠርቶታል። ችግሩ ጀልባ ነበር፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ጥቂት ጀልባ። ከሰዓት በኋላ ቤከር ተገደለ። በሥራ ላይ እያለ በውጊያ የሞተ የአሜሪካ ሴናተር እሱ ብቻ ነው። ጦሩ ተሰብሮ ወደ 100 ጫማ በሚጠጋው ገደል ቁልቁል ወንዝ ውስጥ ገባ። ጀልባ ሰጠመ፣ ብዙ ሰው ውሃ በላው። የሰመጡት ወታደሮች አስከሬን እየተንሳፈፈ ዋሽንግተን ድረስ ወረደ። እኛ ሥራ ስንሄድ በየቀኑ የምንሻገረው ወንዝ ማለት ነው።

ሴናተር ሲሞት ተጠያቂ ይፈለጋል። ስቶን ተያዘ። ክስ እንኳ ሳይመሠረትበት 189 ቀን ታስሮ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1870 ካይሮ ሄደና የግብፁ ገዥ የከዲቭ እስማኤል ጦር ኤታማዦር ሹም ሆነ። አሁን ገባችሁ? ግብፅ እኛን ልትወር መጥታ የተሸነፈችባቸው ጉንደትና ጉራዕ!

የሲልቨር ስፕሪንግ አባል፦
እሺ፣ አሁን ነቃሁ። በ1868 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስን ሊወጋ የመጣውን ጦር ያደራጀው ሰውዬ ነው የምትለኝ? ታዲያ የእሱን ታሪክ ልንሰማ ቤንዚን እናቃጥላለን እንዴ?

ጸሐፊው፦
ጋሼ፣ ሐውልቱን ልንሳለም አይደለም። ስቶን ራሱ ካይሮ ነበር። ጉራዕ የዘመተው ሌላ አሜሪካዊ ነው፤ ዊልያም ሎሪንግ፣ አንድ እጁን በሜክሲኮ ጦርነት ያጣ፣ በኋላም የደቡቡ ጄኔራል የነበረ። አሜሪካ ላይ ሲዋጉ የነበሩት የሰሜንና የደቡብ መኮንኖች ግብፅ ሄደው አንድ ጌታ አገለገሉ። እዚያም ከግብፁ አዛዥ ከራቲብ ፓሻ ጋር አልተስማሙም። ውጤቱን እኛ እናውቀዋለን። ስቶን ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ኒውዮርክ ያለው የነጻነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት ግንባታ በዋና መሐንዲስነት መርቷል። ልጆቻችን ሐውልቱን ያውቁታል፣ ዓድዋን ያውቃሉ። ጉራዕን ስንቶቹ ያውቃሉ?

የሲልቨር ስፕሪንግ አባል፦
እንዲህ ከሆነ አልቃወምም። ግን የጉራዕን ታሪክ ከእኛ አንድ ሰው ይናገር። ስለ አሉላ ከፈረንጅ አስጎብኚ አልሰማም።

የወጣቶች ተጠሪ፦
እኔም ይሄንን ልል ነበር። የፓርኩ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚዎች የ1861ዱን ይንገሩን፤ ቀጥሎ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለ ጉራዕ አሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ አይብለጥ፤ ልጆቹ ይሰለቻሉ። ሌላው፣ ጦርነቱ በባርነት ምክንያት መሆኑ በግልጽ ይነገር። «የሰሜንና የደቡብ ጠብ» ተብሎ እንዳይታለፍ።

አንዲት እናት፦
ሁለት ነገር አለኝ። ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ልጅ ያለ አዋቂ እንዳይወርድ፣ ውሃው ውስጥም እንዳይገባ ይጻፍልኝ። ፖቶማክ ከላይ ሲያዩት የተኛ ይመስላል፤ ሞኝ ነው የሚያታልለው። ሁለተኛ፣ ፓርኩ ውስጥ አለ የሚባለውን የመቃብር ነገር ንገሩን፤ ልጄ ያስፈራል እያለች ነው።

ጸሐፊው፦
አያስፈራም፣ እህቴ። በድንጋይ አጥር የተከበበች ትንሽ ግቢ ናት። 25 መቃብር ውስጥ የ54 ወታደሮች አጽም አለ። ስሙ የታወቀው አንድ ብቻ ነው፣ ከማሳቹሴትስ የመጣው ጄምስ አለን። ሌላው ድንጋይ ሁሉ ስም የለውም። ልጅሽ የአለንን ድንጋይ ትፈልግ፤ ሥራ ስታገኝ ፍርሃቱን ትረሳዋለች።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባል፦
መንገዱስ? ድሮ በዋይትስ ፌሪ ጀልባ ተሻግረን ሊስበርግ ከች እንል ነበር። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቆሟል። የሜሪላንድ ሰው በቀለበት መንገዱ ድልድይ መዞር ሊኖርበት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለዚህ ሜሪላንድ ያላችሁ ተደራርባችሁ ኑ። የመኪና ማቆሚያው ሰፈር ውስጥ ስለሆነ ሁሉም ለየብቻው ከመጣ ጎረቤት ይቆጣል። የቤንዚን ድጎማ ለሚያደርስ ሰው ብቻ ከማኅበሩ ይሰጥ። ምግብ እቤት ተሠርቶ ይምጣ። ቅዳሜ ነውና ጾም የለም፤ ለሙስሊም አባሎቻችን የሚሆነው ግን ለብቻው ይያዝ። ቡና በፔርሙስ። ከሰልና ጀበና ይዞ ጫካ ውስጥ እጣን ማጨስ ያማረው ካለ አሁኑኑ ይተወው።

ጸሐፊው፦
የሰበሰብኩት ረቂቅ ይኸው፦

«ማኅበራችን ከኦክቶበር 21 የውጊያው መታሰቢያ በፊት ባለው ቅዳሜ ወደ ቦልስ ብላፍ እንዲጓዝ እንጠይቃለን። ጠዋት የፓርኩ ጉብኝት፣ ቀጥሎ ስለ ጉንደትና ጉራዕ ከአባላት መካከል በተመረጠ ሰው አጭር ንግግር ይኑር። ልጆች ያለ አዋቂ ወደ ወንዙ አይወርዱም። ድጎማ የሚሰጠው ቢያንስ ሦስት ሰው ይዞ ለሚመጣ መኪና ነው። እሳት አይነድም። ለአስጎብኚዎቹ ጸሐፊው አስቀድሞ ይጽፋል።»

አንዲት እናት፦
«ልጆች ወደ ውሃው አይገቡም» የሚለው ቀርቷል። ጨምረው።

ጸሐፊው፦
ተጨምሯል። ተናጋሪው ማን ይሁን?

የወጣቶች ተጠሪ፦
ጋሼ ራሳቸው ናቸዋ። ለአሉላ የተቆረቆረ ይናገር።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባል፦
ጎሽ፣ ያዛችሁኝ። እሺ፣ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ አይበቃኝም። ሃያ በሉኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
አሥራ አምስት ነው ጋሼ። ምሳው ይቀዘቅዛል።