ከፒያሳና ከአራት ኪሎ የተነሡ ነዋሪዎችን ለፒኤችዲ ማጥናት፦ ናሙናው ከየት ይውጣ? ከዚያስ በዘርፉ እንዴት ይዘለቃል?

የግንፍሌ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፤ አሁን የፒኤችዲ ፕሮፖዛል እያዘጋጀሁ ነው። ርእሱ ለጊዜው «መልሶ ማልማትና ዘላቂ ልማት በአዲስ አበባ» ይላል። ዋናው ትኩረቴ ግን ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ዙሪያ ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ናቸው።

የቸገረኝ ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ መበተኑ ነው። ናሙና ከምን መዝገብ ይወጣል? የሳተላይት ምስልስ እስከ ምን ድረስ ይረዳኛል? ሌላው፣ ከተመረቅሁ በኋላ በመምህርነትና በተመራማሪነት መቀጠል ነው የምፈልገው። ከአሁኑ ምን ብይዝ ይሻላል? የማማከር ሥራ ጎን ለጎን መሥራት ያዋጣል?

ቆጠራ

እህቴ፣ ከናሙናው በፊት ርእስሽ ይጥበብ። ዘላቂ ልማት በተባበሩት መንግሥታት አጀንዳ 17 ግቦችና 169 ዒላማዎች ያሉት ሰፊ ጃንጥላ ነው፤ ከሥሩ አንዲት መለኪያ መርጠሽ እሷን በደንብ ብትመረምሪያት ይሻላል። ላንቺ ጉዳይ የምትቀርበው 11.1.1 ናት፤ በተጎሳቆለ ሰፈር ወይም ለኑሮ በማይመች ቤት የሚኖረውን የከተማ ሕዝብ ድርሻ የምትለካዋ። መስፈርቶቿ የታወቁ ናቸው፦ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ በቂ የመኖሪያ ስፋት (በአንድ ክፍል ከ3 ሰው ያልበለጠ)፣ የቤቱ ጥንካሬና የይዞታ ዋስትና።

ፈተናው ያለው የመጨረሻው ላይ ነው። በአዋጅ 47/67 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ መንግሥት ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄዱ። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ባለቤት አይደለም፤ ቢሆንም ለዐሥርት ዓመታት ማንም ሳይነካው፣ ጥቂት ብር እየከፈለ፣ ልጅ አሳድጎበታል። ይህን ሰው «ዋስትና አለው» ብለሽ ከመዘገብሽው መፍረሱ ያመጣው ለውጥ አይታይሽም። «የለውም» ካልሽ ደግሞ ንጽጽሩ ገና መረጃ ሳይሰበሰብ ለኮንዶሚኒየሙ አድልቶ ያልቃል። ስለዚህ ጥያቄውን ሦስት ቦታ ክፈይው፦ የኪራይ ውሉ በማን ስም ነበር? አንቺ ባለ ውሉ ነሽ ወይስ ደባል? በሚቀጥሉት 5 ዓመታት ተነሺ የምትባዪ ይመስልሻል? ሦስቱን ለየብቻ ተንትኚ፤ አንድ ላይ ደምረሽ ነጥብ አታድርጊያቸው።

ወደ ናሙናው ስመጣ፣ በዚህ ርእስ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት ኮንዶሚኒየሙ ድረስ ሄዶ በር ማንኳኳት ነው። እዚያ የምታገኚው የቻለውን ሰው ብቻ ነው። 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ መክፈል አቅቶት ሌላ የቀበሌ ቤት የወሰደው፣ ዕጣ የደረሰውን ቤት አከራይቶ ራሱ ራቅ ብሎ የተከራየው፣ ምንም መብት ያልነበረው ደባል፣ ሁሉም ከጥናትሽ ውጭ ይሆናሉ። ውጤቱ ሳይዋሽ ያሳስታል። መነሻሽ የመድረሻው ቦታ ሳይሆን የፈረሰው ሰፈር ይሁን፤ የወረዳውን የተነሺዎች ዝርዝር በትብብር ደብዳቤ ጠይቂ፣ ሰዉን ከዚያ ተነሥተሽ ፈልጊ።

ስሌቱ ለምሳሌ ዝርዝሩ ላይ 1,200 አባወራና እማወራ ቢኖር እንዲህ ይሆናል። በ95 በመቶ መተማመኛና በ5 በመቶ ስሕተት የናሙናው መነሻ 384 ሰው ነው፤ ለ1,200 ሲስተካከል ወደ 291 ይወርዳል። ከተበተነ ሰፈር 30 በመቶው ላይገኝ ይችላል ብለሽ ብትገምቺ 291ን ለ0.7 ታካፍያለሽ፤ 416 ስም በዕጣ ታወጫለሽ። የ45 ደቂቃ መጠይቅ ይዞ የካ አባዶና ጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ለሚመላለስ ጠያቂ በቀን 5 ሰው ከሞላለት ጥሩ ነው፤ በ4 ጠያቂ 15 የሥራ ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ለፍለጋውና ለድጋሚ ጉብኝቱ ሌላ ሳምንት ያዢ።

አንድ ነገር በጣም አደራ፦ የታጣውን ሰው በጎረቤቱ አትተኪው። «አልተገኘም» ራሱ መረጃ ነው። ስልክ ስንት ጊዜ እንደተደወለ፣ ማን «ወደ ክፍለ ሀገር ገብቷል» እንዳለ ይጻፍ። በመጨረሻ የተገኙትንና ያልተገኙትን ዝርዝሩ ላይ ባለው ነገር (በቤተሰብ ብዛት፣ በቤቱ ስፋት፣ እማወራ በመሆንና ባለመሆን) አወዳድሪ። ያቺ ሰንጠረዥ ከጥናቱ ሁሉ የበለጠ ልትናገር ትችላለች።

የዕድር ጸሐፊ

በቆጠራ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን የወረዳ ዝርዝር ባይሰጥሽስ? ሁለተኛ መዝገብ አለልሽ፦ የዕድሩ። ሰዉ ኮንዶሚኒየም ገብቶም የድሮ ዕድሩን ብዙውን ጊዜ አይተውም፤ በየወሩ ይከፍላል፣ ለለቅሶ ይመጣል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የሄዱትም ከነስልካቸው አሉ።

ጉድለቱን ግን ዕወቂ። ደባልና ተከራይ አብዛኛውን ጊዜ አባል አይደለም፤ መዋጮ ያቋረጠ ይሰረዛል፤ ይህ ደግሞ ድኻውን ለይቶ የሚያስወጣ ጉድለት ነው። አንድ ቤተሰብ በወንዶቹም በሴቶቹም ዕድር ሊመዘገብ ስለሚችል በስም፣ በአባት፣ በአያትና በስልክ ካላመሳከርሽ ሁለቴ ትቆጥሪዋለሽ። የጎደሉትን ለመሙላት እያንዳንዱን ቤተሰብ «በግቢያችሁ ደባል የነበረ ማን ነው? አሁን የት ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ በዚህ መንገድ የተገኙትን ለብቻ ምልክት አድርጊባቸው፣ በዕጣ ከወጡት ጋር አይደመሩም።

መዝገቡን በስልክሽ ፎቶ አታንሺ። የአባላቱ ንብረት ነው። የዕድሩ ዳኛ ቢፈቅዱም ጉዳዩ በስብሰባ ይነገር፤ ፈቃደኛ ያልሆነ ስሙን ያስወጣ። ስሞቹ በቁጥር ተተክተው፣ መፍቻው ከመረጃው ተለይቶ በይለፍ ቃል ይቀመጥ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከቻሽ ላይ ይህን አሠራር በዝርዝር ጻፊው።

ካርታና ሜዳ

ስለ ሳተላይቱ። የሴንቲነል-2 ሳተላይት ምስል በነፃ ይገኛል፣ አንዱ ፒክስል ግን 10 በ10 ሜትር ነው፤ 100 ካሬ ማለት ነው። መሀል ከተማ በዚያ ውስጥ በርካታ የቀበሌ ቤት ይገባል። በዚያ ላይ የዛገ ቆርቆሮ በምስሉ ላይ ከባዶ አፈር ጋር ይመሳሰላል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲመድበው ከተውሽው ሰው የሚኖርበትን ሰፈር ሜዳ ይልልሻል። ከመፍረሱ በፊት የነበረውን በጉግል ኧርዝ የቀድሞ ምስሎች ላይ ጣራ በጣራ በእጅ መሣል ይሻላል። የኅዳርና የየካቲት ምስል ምረጪ፤ የክረምቱ ደመና ነው። ጣራ ቆጥረሽ ግን ቤተሰብ ቆጠርኩ አትበይ፤ አንድ ረጅም ቆርቆሮ ሥር አራት አምስት በር አለ።

ሁለተኛው ወጥመድ አዲንዳን የሚባለው የቆየ የካርታ መለኪያ መነሻ ነው። ነባር ካርታዎቻችን በአዲንዳን የተሠሩ ናቸው፤ የስልክሽ ጂፒኤስ የሚሰጥሽ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱም በዩቲኤም (የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ስለሚባሉ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፣ ልዩነታቸው ግን ከ200 ሜትር በላይ ነው። አራት ኪሎ የነበረ ቤት ወንዝ ማዶ ሊወድቅብሽ ይችላል። በካርታ መሥሪያው ሶፍትዌር በኪውጂአይኤስ የአዲንዳን ኮድ 20137፣ የደብሊውጂኤስ 84 ደግሞ 32637 ነው፤ ፋይሉ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈበት ያልፈረሰ ምልክት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም አደባባይ፣ ላይ አስቀምጠሽ ፈትሺ።

የትራንስፖርት መለኪያውን (11.2.1) ልትጨምሪ ካሰብሽ፣ ለአውቶቡስ 500 ሜትር፣ ለባቡር 1 ኪሎ ሜትር ነው የሚባለው፤ የሚለካው ግን በእግር መንገድ ነው። ከፌርማታው ላይ ክብ ብትሥዪ ቀበናና ግንፍሌ ያሉበትን ሸለቆ ዘሎ ያልፋል። ድልድይ በሌለበት 300 ሜትር የሚመስለው ርቀት እስከ ድልድዩ ዞረሽ፣ ዳገቱን ወጥተሽ ሌላ ነው።

የግንፍሌ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ቆጠራ፣ አንድ ልጨምር፦ «መቼ ተነሣችሁ?» የሚለውን ጥያቄ በኮቦ (በስልክ መጠይቅ መሙያ መተግበሪያ) ነው የማዘጋጀው። ቀኑ ይምታታብኛል ብዬ ፈራሁ።

ቆጠራ

ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ሰዉ «97 ላይ ተመዘገብን» የሚልሽ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተባለ 7፣ ከዚያ ወዲህ የተባለ 8 ዓመት ይጨመርበታል፤ ሁሉንም በ8 የቀየረ ጥናት አንድ ዓመት ያዛባል። ኮቦ ላይ የቀን ጥያቄውን ገጽታ ወደ ኢትዮጵያ ካሌንደር ቀይሪው፤ ጠያቂው በኢትዮጵያ ቀን ይሞላል፣ የሚቀመጠው ግን ተቀይሮ በፈረንጅ ስለሆነ ስትተነትኚ ዳግመኛ እንዳትቀይሪው። ሰዓትም እንደዚያው ነው፤ «2 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ» ያለሽ ሰው መጠይቁ ላይ 8 ካልሆነ የሥራ መንገዱ ሌሊት ይሆናል። ወሩን ላላስታወሰ ደግሞ በበዓል ጠይቂ፦ ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ? ከመስቀል በፊት?

ሦስተኛ ፎቅ

ሥራውን በተመለከተ እኔ ልመልስ። ፒኤችዲው ረዳት ፕሮፌሰርነት ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ የሚቆጠረው ኅትመት ነው። የዩኒቨርሲቲሽን የዕድገት መመሪያ ዛሬ ፈልገሽ አንብቢው፤ የትኛው መጽሔት እንደሚያዝ፣ በጋራ የተጻፈ ጽሑፍ እንዴት እንደሚካፈል የሚወሰነው እዚያ ነው።

መመረቂያውን ስታዋቅሪ ሦስት መጣጥፍ እንዲወጣው አድርጊ። አንዱ ዋናው ግኝት ነው። ሁለተኛው የተበተነ ሰፈርን በዕድር መዝገብ ስለመፈለግ የሚናገረው የዘዴ ጽሑፍ፤ ይህ የመጨረሻውን ትንተና ስለማይጠብቅ መጀመሪያ ሊላክ ይችላል። ሦስተኛው የሐሳብ ክርክር ነው፣ እኔ ከሁሉም የምጓጓለትም እሱ ነው። ባለ ሀብት ድኻውን ከመሀል ከተማ እንዴት እንደሚገፋው የሚያስረዳው የውጭ ጽንሰ ሐሳብ መሬቱ የግል በሆነበት ከተማ የተወለደ ነው። እዚህ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ 721/2004 ይተላለፋል፣ የቀበሌ ቤቱ አከራይም አፍራሹም ያው መንግሥት ነው። ገምጋሚዎች «አዲስ አበባም እንዲሁ ሆነ» የሚል ጽሑፍ ይመልሳሉ። ጽንሰ ሐሳቡ እዚህ የቱ ጋ እንደሚሰበር ካሳየሽ ግን ያነቡሻል።

ለማንበብ ገንዘብ አታውጪ፤ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም ተቋምሽ ከተመዘገበ በክፍያ የሚነበቡ መጽሔቶች በነፃ ይከፈታሉ። የማሳተሚያ ክፍያም ብዙ አሳታሚዎች ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ጸሐፊዎች ያነሣሉ፤ ጽሑፉን ከመላክሽ በፊት ጠይቂ። በሳምንት ተቀብሎ፣ ሳይገመገም ክፍያ የሚጠይቅ መጽሔት ካጋጠመሽ ተዪው። «ስኮፐስ (የመጽሔቶች መረጃ ቋት) ላይ አለሁ» የሚለውን ከመጽሔቱ ድረ ገጽ ሳይሆን ከራሱ ከስኮፐስ ዝርዝር አረጋግጪ፤ ተሰርዘው ስሙን ይዘው የቀሩ አሉ። በማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ከምሥራቅና ከደቡባዊ አፍሪካ ሰዎች ጋር ለመተዋወቅ ኦስሪያ (የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት) አለልሽ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ማማከርን አትግፊው፣ ግን ልኩን ይያዝ። በዓመት ከአንድ አይብለጥ፤ እሱም ከርእስሽ ጋር የሚሄድ ይሁን። የሚጎዳው ገንዘቡን ሰጥቶ ጊዜውንም መረጃውንም ይዞ መሄዱ ነው፤ ሪፖርቱ የአሠሪው ንብረት ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ውል ከመፈረምሽ በፊት «ስም የሌለበትን መረጃ ርክክብ ከተፈጸመ ከ12 ወር በኋላ ለምርምር ኅትመት ልጠቀምበት እችላለሁ» የሚል አንቀጽ አስገቢ። እምቢ ካሉ ከተነሺዎች ጥናት ውጭ የሆነ ሌላ ሥራ ውሰጂላቸው፤ የአንቺን ሰዎች ሁለቴ ጠይቀሽ አንዱን መልስ ለሌላ አትስጪ።

የዕድር ጸሐፊ

የመጨረሻ አንድ ነገር፦ ውጤቱን ለዕድሩ መልሺለት። አማርኛ የተጻፈ 2 ገጽ፣ ቁጥሩ የሚነበብ፣ በወርኃዊ ስብሰባቸው ቀን። ከ3 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ተከታትለሽ ልታጠኚ ስትመለሺ ስልካቸውን የሚያነሡልሽ በዚያ ነው።