ኮሎኝ ላይ ባቡር ጥሎኝ ሄደ፤ ሻንጣዬን የት ላስቀምጥ?

የሉቨኗ ተማሪ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ! ከብራስልስ ወደ ፍራንክፈርት እየሄድኩ ነበር። የመጀመሪያው ባቡር ዘገየና ቀጣዩ ጥሎኝ ሄደ። አሁን ኮሎኝ ነኝ። ያገኘሁት ሌላ ባቡር 11 ሰዓት ነው፤ ገና 4 ሰዓት ይቀረዋል። ከተማውን ልይ ብል የሻንጣዬ አንድ ጎማ ተሰብሮ አስፋልቱን እየቧጨረ ነው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። የት ልተወው? ስልኬ 14 በመቶ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ 11 በኛ ነው በፈረንጅ?

የሉቨኗ ተማሪ፦ በኛ። ቲኬቱ ላይ 17 ይላል።

አባ መንገዶ፦ እህቴ፣ እኔ ብሆን ከጣቢያው አልወጣም። ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ደግሞስ ባመለጠሽ ባቡር ቲኬት በሌላ ትሄጃለሽ ያለሽ ማነው?

የቦን ነዋሪ፦ ትሄዳለች እንጂ! የዘገየው ባቡሩ ነው፣ እሷ ምን አጠፋች? ጉዞው በአንድ ቲኬት ከሆነና መድረሻዋ ላይ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ የምትዘገይ ከሆነ፣ ጀርመን ውስጥ በዚያው ቲኬት ሌላ ባቡር መያዝ ትችላለች። መዘግየቱ 60 ደቂቃ ከሞላ ከዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ከሞላ 50 በመቶ ይመለሳል። ቲኬቱን እንዳትጥዪው። ለሻንጣሽ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ማሽን አለ። ከፍለሽ ታስገቢያለሽ፣ ማሽኑ ወደ ታች ይወስደዋል። የሚሰጥሽን ካርድ አደራ!

ታሪክ ወዳድ፦ ካቴድራሉን ሳታዪ እንዳትሄጂ። ከጣቢያው ስትወጪ ፊት ለፊትሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1248 ተጀምሮ በ1880 ነው ያለቀው፤ በመሃል 300 ዓመት ገደማ ቆሟል። ከዋናው መንበር ጀርባ በወርቅ የተለበጠ ትልቅ ሣጥን አለ። የሰብአ ሰገል አፅም ነው ይላሉ፤ በ1164 ከሚላኖ የመጣ። በየገናው ስማቸውን እየሰማሁ አድጌ እዚያ ስቆም እንባዬ መጣ።

የፒያሳ ልጅ፦ ሻንጣውን ማሽኑ ውስጥ ክተቺው። በሻንጣ ካቴድራሉ አያስገቡም። ደቡቡ ማማ 533 ደረጃ ነው፤ ሊፍት የለም።

አባ መንገዶ፦ እሺ፣ ከወጣሽ አይቀር ኮልሽ የሚሉትን ቢራ ቅመሺ። ብርጭቆዋ ትንሽ ናት። ማስቀመጫዋን ካርቶን አናቷ ላይ ካልከደንሽ አስተናጋጁ መጨመሩን አያቆምም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው!

የቦን ነዋሪ፦ ቆይ፣ ከየትኛው ጣቢያ ነው የምትነሺው? ወደ ፍራንክፈርት የሚሄዱ ብዙ ፈጣን ባቡሮች ዋናው ጣቢያ አይገቡም። ከራይን ወንዝ ማዶ፣ ሜሴ ዶይዝ ከሚባለው ነው የሚነሱት። ቲኬቱን ደግመሽ እዪ።

የሉቨኗ ተማሪ፦ ወይኔ ጉዴ! ዶይዝ ይላል። ሻንጣውን አሁን ዋናው ጣቢያ አስገባሁት። ስልኬ 9 በመቶ።

የቦን ነዋሪ፦ አይዞሽ፣ ጊዜ አለሽ። አሁን ካቴድራሉን እዪ። ከዚያ ጓጉንቸር በተደረደረበት ድልድይ በእግርሽ ተሻግረሽ ጣቢያውን ለይተሽ ተመለሺ። 10 ሰዓት ላይ ሻንጣሽን አውጪና ኤስ ባን በሚባለው የከተማ ባቡር አንድ ፌርማታ ሂጂ። ባቡርሽ ከታችኛው መድረክ ሊሆን ስለሚችል ሰሌዳውን አንብቢ። ካርዱ እጅሽ ላይ ነው አይደል?

ታሪክ ወዳድ፦ እህቴ፣ ደረስሽ?

የቦን ነዋሪ፦ 11 ሰዓት ከሩብ ሆነ። ስልክሽን ቻርጅ ስታደርጊ አንድ ቃል ጻፊልን።