ግራይንደር ይዤ ስውል ማታ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ይሄ ነገር ይለቃል?

የጨርቆሱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብረታ ብረት ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ቀኑን ሙሉ የበርና የመስኮት ብረት ስንቆርጥ ነው የምንውለው። ማታ ጋደም ስል ጆሮዬ ውስጥ ጭውውው የሚል ነገር አለ፣ ድሮ ጠዋት ስነሳ ይለቀኝ ነበር፣ አሁን ግን እስከ ምሳ ሰዓት አብሮኝ ይውላል። እናቴ ቴሌቪዥኑን ቀንስ ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ገና አልተሰማኝም። አለቃዬ «ትለምደዋለህ» አለኝ። ጥጥ እየጠቀጠቅኩ ነው፣ ይበቃል?

ማኪ፦
ጥጡን ተወው ወንድሜ፣ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይከላከልም። ስፖንጅ የመሰለችውን የጆሮ መድፈኛ ግዛ። በጣትህ አሽተህ አቅጥናት፣ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ አስገባት፣ እስክታብጥ ያዛት። ብዙ ሰው ጫፏን ብቻ ሰክቶ «አይሠራም» ይላል።

ሲስተር ነኝ፦
«ትለምደዋለህ» የሚሉት ነገር ያናድደኛል። የለመድክ የሚመስልህ መስማትህ እየቀነሰ ስለሆነ ነው። ውስጠኛው ጆሮ ላይ ድምፅ የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ሕዋሶች አሉ፣ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። 85 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ በቀን 8 ሰዓት እንደ ጣሪያ ይያዛል፣ ከዚያ በላይ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ ስትደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ሰው ሲያወራ ትሰማለህ፣ ግን «ሰ»ና «ፈ» ይምታቱብሃል። ኩክም ሊሆን ስለሚችል በጆሮ ኩክ ማውጫ አትጎርጉረው፣ አንገት በላይ ሐኪም ይየው፣ የመስማት ምርመራም ተመርመር። አንዱ ጆሮህ በድንገት ድፍን ካለ ግን ቀን አትቁጠር፣ ያኔውኑ ሂድ።

ቤቢ የመርካቶ፦
አባቴ ምናለሽ ተራ በርሜል እየቀጠቀጡ ነው ያሳደጉን። ዛሬ ስልካቸው ሲጠራ የምንነግራቸው እኛ ነን። ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ስፒከሩን ሲሸሽ እሳቸው ሥሩ ቁጭ ብለው ይበላሉ፣ ቦታው ሰፊ ነው ይላሉ። በነገራችን ላይ የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ የአሠሪ ግዴታ ነው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ አለ። ግን ለአለቃህ በአዋጅ አትጀምርለት፣ ከመነጽሩ ጋር አብረህ ግዛልን በለው።

የጨርቆሱ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዣለሁ። መድፈኛውንም በራሴ ብር ገዛሁ፣ አለቃዬ «እናያለን» ላይ ነው። ማኪ፣ መጀመሪያ እኔም ጫፏን ብቻ ነበር የሰካሁት 😂