ከስቴት ውጪ ላሉ አባላት የአደን ታግ፦ የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ እሑድ በማኅበራችን ስብሰባ የተባለውን አሳጥሬ ጽፌዋለሁ። ርዕሱን «የአጋዘን አደን ድጋፍ» ብዬዋለሁ። ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ለኮሎራዶ የፓርኮችና የዱር እንስሳት ኮሚሽን በጋራ የምንጽፈው ደብዳቤ ነው። ከ2025 ወዲህ ከሌላ ስቴት የሚመጣ ባለቀስት ከአይ 25 አውራ ጎዳና በስተምዕራብ የኤልክ (የዚህ አገር ትልቅ ባለቀንድ የዱር እንስሳ) ታግ፣ ማለትም የአደን ፈቃድ፣ እንደ ድሮው ዝም ብሎ መግዛት አይችልም። ዕጣ ነው። ዕጣው ላይም 35 በመቶ የነበረው የውጪ ሰው ድርሻ ወደ 25 ወርዷል። እዚህ ኮሎራዶ ዓመታት ኖሮ ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት የሄደ ሰው እንዴት እንደ ባዳ ይታያል ነው የምንለው። ሁለተኛው፣ ነዋሪና የውጪ ሰው ለታግ የሚከፍሉትን የዋጋ ልዩነት ከማኅበሩ ሣጥን እንሸፍን የሚለው ነው። የዕጣው ማመልከቻ ኤፕሪል መጀመሪያ ይዘጋል።

የዳላሱ፦ አውሮራ እያለሁ ለታግ የምከፍለው ለአንድ እራት ግብዣ ከማወጣው ያነሰ ነበር። አሁን ከ800 ዶላር በላይ ነው የሚጠይቁኝ። ተራራው ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። የተለወጠው ጉልበቴ ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሣጥኑ ውስጥ 3,140 ዶላር አለ። ከስቴት ውጪ ያሉት አራት ናቸው። ልዩነቱ ለአንድ ሰው 750 ገደማ ነው። 3,000 ሆነ ማለት ነው። ነገ ለቅሶ ቢመጣ 140 ዶላር ይዘን ልንሄድ ነው?

የባሌ ልጅ፦ ገንዘቡ ይቆይ። ርዕሱ ላይ «አጋዘን» ብሎ የጻፈው ማነው? ኤልክ አጋዘን አይደለም። ደጋ አጋዘን የኛ ነው፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። የድሮዋን አሥር ሳንቲም ገልብጣችሁ እዩ። ቀንዱ ጥምዝ ነው፣ አይረግፍም። የኤልክ ቀንድ ቅርንጫፍ ያለው ነው፣ በየዓመቱ ይረግፋል። ይህን እያየሁ አልፈርምም።

ባለ ፒካፑ፦ በስም ምክንያት አልፈርምም?

የባሌ ልጅ፦ በስም ምክንያት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አጋዘን ስንል ነው የኖርነው። ልጆቼ የገና አባትን ጋሪ የሚጎትተውንም አጋዘን ነው የሚሉት።

የባሌ ልጅ፦ ተሳስተዋላ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ልጆቼን አታንሳ።

ባለ ፒካፑ፦ ወደ ሥራችን እንመለስ። ለምን ዋዮሚንግ አንሞክርም? እዚያ ከቺየኑ በቀር ሁላችንም የውጪ ሰው ነን፣ ማንም በማንም አይቀናም። መደበኛው የኤልክ ታግ 692 ዶላር ነው። «ስፔሻል» የሚሉት ውድድሩ ቀለል የሚልበት ዕጣ ግን ከ2024 ወዲህ 1,950 ገብቷል፣ እሱን እርሱት። አንድ ችግር አለ። ዊልደርነስ ተብሎ በተከለለው ቦታ የውጪ ሰው ያለ መሪ ትልቅ እንስሳ ማደን አይፈቀድለትም። መሪ ከተቀጠረ ደግሞ ከታጉ በላይ ያስከፍላል። የስቴቱ ነዋሪ የሆነ ወዳጅ ካለ ግን በነጻ ፈቃድ አውጥቶ መምራት ይችላል።

የቺየኑ፦ የዋዮሚንግ ነዋሪ እኔ አለሁ! ፈቃዱን አወጣለሁ። ሰኞ ቢሮአቸው ሄጄ አሳውቃችኋለሁ።

ጸሐፊ፦ ተባረክ።

የዳላሱ፦ ይህ ሁሉ ለምን? ወንድሜ እዚያው አውሮራ ነው። በሱ አድራሻ እንደ ነዋሪ ባመለክት ማን ያውቃል?

ጸሐፊ፦ ይህን እዚህ ባትጽፈው ጥሩ ነበር። ነዋሪ ለመባል ሳታቋርጥ ስድስት ወር መኖር አለብህ። ዋሽተህ ከተያዝክ የምታጣው የኮሎራዶን ፈቃድ ብቻ አይደለም። ስቴቶቹ ውል አላቸው፣ አንዱ ያገደህን ሌላውም ያግድሃል። ማኅበሩንም ታስጠራለህ።

የዳላሱ፦ ቀልዴን ነው።

ጸሐፊ፦ አልመሰለኝም።

የዳላሱ፦ እንግዲያው ስድስት ዓመት የከፈልኩትን መዋጮ መልሱልኝና እገላገላችኋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮ አይመለስም። ደንቡ ላይ አለ። አንተ ነህ ያረቀቅከው።

የባሌ ልጅ፦ ርዕሱ አሁንም አልተነካም።

ባለ ፒካፑ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው የሚሄደው! ኮሚሽኑ አጋዘን የሚለውን ቃል በዓይኑም አያየውም!

የባሌ ልጅ፦ ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ነው። ቲሸርቱም በአማርኛ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ የምን ቲሸርት?

ጋሼ፦ ልጆች፣ ቀስ በሉ። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ አጋዘን የሚለው የቆላውን ነበር፣ ያንን ባለ ነጭ ሰንበሩን። ሁላችሁም አጋዘን የምትሉት የየራሳችሁን ነው። ኤልክ በሉትና ይለቅ። ታክሲን ታክሲ ስንል ማን ተጣላ?

የባሌ ልጅ፦ እርስዎ ካሉ ይሁን፣ ጋሼ። እህቴ፣ ስለ ልጆቹ ይቅርታ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እሺ። ትልቁ ግን አሁንም አጋዘን ነው ይላል።

ጸሐፊ፦ ርዕሱ ተስተካክሏል። የቺየኑ፣ ፈቃዱ ምን ደረሰ? የዋዮሚንግ ዕጣ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል።

ጸሐፊ፦ የቺየኑ?

ባለ ፒካፑ፦ ሦስተኛው ሰኞ አለፈ። ስልኩም አይነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። የቀስት ወቅቱ ሴፕቴምበር ነው። ይህ ሁሉ ሩጫ የመጣው ለመስቀል የተራራ ሥጋ እንብላ ብለን ነበር። ዕጣው ላይወጣ ይችላል። ቢወጣም ኤልኩ ላይገኝ ይችላል። ቢገኝም ያ ሲ ደብሊው ዲ የሚሉት የኤልክ በሽታ አለ፤ ናሙናው ተልኮ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ቁርጥማ ጭራሽ አይታሰብም። በዚሁ ብር ብራይተን አካባቢ ካለ ከብት አርቢ አንድ ሰንጋ ገዝተን ቅርጫ ብንገባስ?

ባለ ፒካፑ፦ እኔ ሁለት መደብ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እኔም በአውሮፕላን እመጣለሁ። ከታጉ ይረክሳል።

ጋሼ፦ ጎሽ። ለኔ ጨጓራና አንጀቱን አትርሱ።

ጸሐፊ፦ ርዕሱን «የመስቀል ቅርጫ» ብዬ ቀይሬዋለሁ። ደብዳቤው ለጊዜው ይቆይ።

የዳላሱ፦ ለጊዜው ማለት እስከ መቼ? ኤፕሪል እኮ ደረሰ።

የባሌ ልጅ፦ አንድ ጥያቄ። ሻኛው ለማን ነው የሚደርሰው?

ገንዘብ ያዥ፦ የዚህ አገር በሬ ሻኛ የለውም።

የባሌ ልጅ፦ ሻኛ የሌለው ምን ቅርጫ ነው? እኔ አልገባም።

የዳላሱ፦ ሻኛ ያለው ከፈለጋችሁ እዚህ ቴክሳስ ሞልቷል፣ ብራህማን ይሉታል። ታግም አይጠይቅም።