ፓዶቫ ቦታኒክ ጋርደን በአንድ ቀን፦ ከየቱ ልጀምር? ለትምህርት ቤታችን ግሪንሃውስስ ምን ልማርበት?

መምህር ዘማርቆስ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በመጋቢት መጨረሻ ለአጭር ሥልጠና ጣሊያን፣ ቬኒስ አጠገብ እሆናለሁ። ያለኝ ነጻ ቀን አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ለፓዶቫው የዕፅዋት አጸድ ልሰጠው አስቤያለሁ። ጥንታዊው ክፍልና አዲሱ ግሪንሃውስ በአንድ ቀን ይዳረሳሉ? ከየቱ ልጀምር?

ሁለተኛ፣ በትምህርት ቤታችን ግቢ 6 በ12 ሜትር የላስቲክ ግሪንሃውስ ልንሠራ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ተከምሯል። እዚያ ምኑን ባስተውል ለዚህ ሥራ ይጠቅመኛል? ሦስተኛ፣ ጥቂት ዘር ይዤ ብመለስስ?

ዋርካ ሥር፦

መምህር፣ ቀኑ ይተርፍዎታል እንጂ አያንስዎትም። ለሁለቱም ክፍል 4 ሰዓት ያህል ይያዙ።

ከቬኒስ ፓዶቫ በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ በየጣቢያው የሚቆመው እስከ 50 ደቂቃ ይወስዳል፣ ዋጋው ግን ይቀላል። የዚህኛውን ትኬት በወረቀት ከቆረጡ ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን ያስመቱት፤ ያልተመታ ትኬት ይዞ መገኘት ያስቀጣል። ከጣቢያው በትራም ሄደው ሳንቶ በሚባለው ፌርማታ ይውረዱ። አጸዱ ከቅዱስ አንቶኒዮስ ባዚሊካ ጀርባ ነው፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰኞ ዝግ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ሌላ ቀን ይምረጡ። መክፈቻና መዝጊያው በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ በድረ ገጹ አይተው ትኬቱን እዚያው ይግዙ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ፤ 10 ቢል የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው።

ከጥንታዊው ክፍል ይጀምሩ ባይ ነኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተወለደው እዚያ ነውና። አጸዱ በ1545 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በቬኒስ ሴኔት ውሳኔ ተመሠረተ፣ ከዚያ ወዲህ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዩኔስኮም በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሐሳቡን ያነሣው ፍራንቼስኮ ቦናፌዴ የተባለ የመድኃኒት ዕፅዋት መምህር ነበር። ተማሪዎች እውነተኛውን መድኃኒት ከሚመስለው ተክል መለየት አቅቷቸው ስለነበር ሕያው ተክል በፊታቸው እንዲኖር ጠየቀ። ቅርጹን ሲያዩ አገርዎ ትዝ ይልዎታል፦ 84 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ግንብ፣ በውስጡ አራት ማዕዘን፣ እሱም በአራት ተከፍሎ መደብ በመደብ ሆኗል። ግንቡ የታጠረው በ1552 ሌቦች ሌሊት እየገቡ ውዱን መድኃኒት ተክል ስለሚነቅሉ ነው። የእኛ ደብሮች ካብ ከብቱን ከደኑ ያስቀራል፣ የእነሱ ግንብ ሌባውን።

ሁለት ዛፎችን ሳያዩ እንዳይወጡ። አንዱ በስምንት ማዕዘን የመስታወት ቤት ውስጥ ያለው፣ በ1585 የተተከለ ዘንባባ ነው። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በ1786 አይቶት ስለ ቅጠል መለዋወጥ ያሰበበት ነው። ከሥር ጀምረው ወደ ላይ ቅጠል በቅጠል ፎቶ ያንሡት፦ ታችኛው እንደ ጦር ያልተከፈለ ነው፣ ከፍ ሲል መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ከላይ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ሁለተኛው በ1680 የተተከለው የምሥራቅ ፕላታን ነው። ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው፣ ዛፉ ግን ሕያው ነው። ውኃና ምግብ የሚያመላልሰው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ክፍል ስለሆነ መሐሉ ቢቦረቦርም ዛፉ አይሞትም።

ድንች ለዚህ አጸድ የደረሰው በ1590 ነው። ወደ እኛ አገር ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው፣ በ1858፤ ዛሬ ጎጃም ያለ ድንች አይታሰብም። የዘጌ ሰው ደግሞ ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል፦ በ1592 የቡናን ተክል ለአውሮፓ ገልጾ የጻፈው ፕሮስፔሮ አልፒኒ ኋላ የዚሁ አጸድ ኃላፊ ሆኗል።

ዓባይ ማዶ፦

በቅደም ተከተሉ አልስማማም። መምህር ግሪንሃውስ ሊሠሩ ነው፤ እንግዲያው ግሪንሃውሱን ሁለት ጊዜ ይዩት፣ በር ሲከፈትና እኩለ ቀን ላይ። በመጋቢት መጨረሻ ጠዋቱ ይበርዳል፣ የመድኃኒት መደቦቹም ገና መብቀል መጀመራቸው ነውና ረፋዱ ላይ ቢታዩ ይሻላል። ጠዋት መስኮቶቹ የትኞቹ እንደተዘጉ ይመልከቱ። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ይመለሱና የትኞቹ እንደተከፈቱ፣ ምን ያህልም እንደተከፈቱ ይጻፉ። ጎብኚው ሁሉ አበባውን ያያል፤ ግሪንሃውስ የሚሠራ ሰው ግን አየሩን ማየት አለበት።

በ2014 የተከፈተው አዲሱ ቤት 100 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ከፍታው እስከ 18 ሜትር ይደርሳል። ከሐሩር ዝናብ ደን ተነሥቶ በሣር ምድር፣ በደጋማና በሜዲትራኒያን አየር አልፎ በረሃ ላይ ያበቃል። ሞቃትና እርጥብ ክፍል ሲገቡ ካሜራው ወዲያው በጉም ይሸፈናል። ገና ውጭ ሳሉ በላስቲክ ከረጢት ቋጥረውት ይግቡ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሞቆ ይፍቱት። ሌንሱን በመሐረብ መጥረግ ዋጋ የለውም፣ ተመልሶ ይጨልማል።

ሦስት ነገር ለእርስዎ ቤት ይገለብጡ።

አየር። ለ72 ካሬ ወለል ቢያንስ አንድ አምስተኛው መከፈት አለበት፣ 14.4 ካሬ ማለት ነው። ሁለቱን የ12 ሜትር ጎኖች 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ቢጠቀልሉ ልክ ይመጣል። ያም ብቻውን አይበቃም፤ ሙቅ አየር ሽቅብ ስለሚሄድ ጣሪያው ጫፍ ላይ በርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፣ ዝናብ እንዳይገባም የአንዱ ወገን ጣሪያ ክፍተቱን አልፎ ይውጣ። የነፍሳት መረብ ካለበሱት አየሩን ስለሚቀንስ ክፍተቱን ያስፉት። ብዙ የላስቲክ ቤት የሚበላሸው ከጣሪያው ላይ ነው፦ ክፍተት የለውም፣ ቲማቲሙ በቀትር አበባውን ያረግፋል፣ ሌሊት የተጠራቀመው ጤዛ ቅጠሉ ላይ እየተንጠባጠበ ሻጋታ ያመጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይከፈት። የጣሪያው ተዳፋት ከ25 ዲግሪ ካላነሰ ጤዛው በላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ ጎን ይወርዳል፣ ችግኝ ላይ አይወድቅም።

የሌሊት ብርድ። ፓዶቫ ከ284 ሜትር ጥልቀት የሚወጣ፣ ዓመቱን ሙሉ 24 ዲግሪ የሆነ የጉድጓድ ውኃ አላት፤ የሐሩሩ የውኃ ተክል የብርዱን ወራት የሚያልፈው በሱ ሙቀት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ያለው ፀሐይ ነው፣ ቀን ቀን ብቻ። ነጠላ ላስቲክ ሙቀትን አይዝም፤ ሰማዩ በጠራበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውስጡ እንደ ውጭው ሊቀዘቅዝ ይችላል። በሰሜን በኩል ጥቁር ቀለም የተቀቡ 200 ሊትር በርሜሎች ውኃ ሞልተው ያቁሙ። አንዱ በርሜል በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይለቃል። አራት አምስት ቢሆኑ አጠገባቸው ላለው ችግኝ ይረዳሉ።

ዝናብ። እነሱ የጣሪያውን ውኃ 450 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገንዳ ያጠራቅማሉ። በእርስዎ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 720 ሊትር ነው። አሸንዳ ካልሠሩለት ያው ውኃ መሠረቱን ይቦረቡራል።

እማሆይ ሜዳ፦

ዘሩን በተመለከተ፣ መምህር፣ ይቅርብዎ። ከአጸዱ ቅጠልም ፍሬም መልቀም ክልክል ነው። ከሱቅ የገዙትም ቢሆን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከጣሊያን በኩል፣ የማስገቢያ ፈቃድ ደግሞ ከእኛ ግብርና ባለሥልጣን ያስፈልገዋል። ምክንያቱ ቀልድ አይደለም፤ በአንድ ፍሬ ዘር ሽፋን ላይ የተጣበቀ ቫይረስ የአንድ ቀበሌ ቲማቲም ይጨርሳል። ለስጦታ ብለው ከዚህ ዘርም እርጥብ ቅጠልም ይዘው አይሂዱ፤ አውሮፓም ያለ ምስክር ወረቀት አያስገባም። የኛን ዘረመል ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፣ ፈቃጁም የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

ይልቅ ሰሌዳዎቹን ይገልብጡ። የወይራውን ሰሌዳ ይቅረቡት፦ የቤተሰቡ ስም አለ፣ ከዚያ ኦሊያ ዩሮፒያ፣ ቀጥሎ አንድ ፊደል ብቻ፣ ኤል። ያቺ ፊደል ስሙን ያወጣው የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ ናት። የእኛ ወይራ የዚሁ ዝርያ ንዑስ ወገን ነው፣ ስለዚህ ተማሪ ስሙን ሲያነብ ዘመዱን ያገኛል። የእርስዎ ሰሌዳ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አይቅር፦ የመዝገብ ቁጥር። በዚያ ቁጥር በደብተር ላይ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተተከለ፣ ማን እንደሰጠ ይጻፋል። ሰሌዳው ቢጠፋ ደብተሩ ይናገራል፤ ቁጥር ከሌለ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የትኛው ዋንዛ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

መምህር ዘማርቆስ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ግሪንሃውሱን ጠዋትና ቀትር አየዋለሁ፣ ዘሩንም ትቻለሁ። አንድ ልጨምር፦ በባሕር ዛፍ ላይ የተወጠረ ላስቲክ በአንድ ክረምት ተቀደደ ሲሉ እሰማለሁ። ከእንጨቱ ነው ከላስቲኩ?

ዓባይ ማዶ፦

ከሁለቱም። ላስቲኩ ለግሪንሃውስ የተሠራ፣ ፀሐይ የሚችል፣ 200 ማይክሮን ይሁን፤ የተራው የቤት ላስቲክ ፀሐይ በልቶት ይሰባበራል። እንጨቱን ልጠው፣ ጉጡን ጠርበው፣ ላስቲክ የሚነካውን ሁሉ በአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ይጠቅልሉ። ብረት ካለበት ነጭ ቀለም ይቀቡት፣ የጋለ ብረት ላስቲኩን ያቃጥላል። ከመሬት የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ያጠጡት፣ ምስጥ እንዳይደፍረው። ምስማር በቀጥታ ላስቲኩ ላይ አይምቱ፤ ቀጭን ጣውላ ደርበው በጣውላው ላይ ይምቱ። የሚወጥሩበት ሰዓት ደግሞ ነፋስ የሌለበት፣ ፀሐይ ሞቅ ያለበት ረፋድ ይሁን። በብርድ የተወጠረ ላስቲክ በቀትር ይለጠጥና ይላላል፣ የላላውን ነፋስ ሲያርገበግበው ይውላል፣ የሚቀደደውም ያኔ ነው።