የዕቅድ ውይይት፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የተጫዋቾች ምርጫ አንቀጽ

ፀሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንደተባባልነው ረቂቁን እዚሁ እናብስለው። ለስፖርት ማኅበራችን ጉባኤ የምናቀርበው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ባለፈው የደንብ ማሻሻያው 14 ገጽ ሆኖ፣ ማንም ሳያነበው እጅ ወጥቶበት አለፈ። ያ አይደገምም።

መነሻችንን ታውቃላችሁ። ባለፈው ሰመር ቡድኖቹ ለባንዲራ ሲሰለፉ አንዱ ልጃችን የበረዶ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ጫማውን እያሰረ ነው ብለን አለፍነው። በሁለተኛውም ሳምንት ተቀመጠ። በሦስተኛው ፎቶ ተነሣ፤ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ዞረ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን መድገም አያስፈልግም። ዘንድሮ ምዝገባ ሲከፈት የጠራው የለም። ስድስት ቡድን አለን። አንዱም አልጠራውም።

ለምን ተቀመጠ የሚለውን እዚህ አናነሣም። እሱን ከጀመርን እስከ ገና አንጨርስም። እኔ የጻፍኩት ይኸውና፦

«ማንኛውም ተጫዋች በሰላማዊ መንገድ ሐሳቡን በመግለጹ ምክንያት ከቡድን አይገለልም።»

ምን ትላላችሁ?

ገንዘብ ያዥ፦
አጭር ነው። የፎቶ ኮፒ ወጪውም ትንሽ ነው። ደግፌያለሁ።

ሕግ ተማሪዋ፦
እኔ ግን ጥርስ የለውም እላለሁ። «በመግለጹ ምክንያት» የሚለውን ማን ያረጋግጣል? ስድስቱንም አሠልጣኞች ጠይቁ። «በባንዲራው ነው» የሚል አታገኙም። «ቦታው ሞልቷል» ነው የሚሏችሁ።

የኮሊን ካፐርኒክን ታሪክ የማነሣው ለዚህ ነው። በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው ሰው ነበር፤ ቡድኑን ለሱፐር ቦውል፣ ለሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ ያደረሰ። በ2016 ከውድድሩ በፊት በሚደረጉት የዝግጅት ጨዋታዎች ላይ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ሁለት ጊዜ ተቀምጧል፤ ማንም ልብ አላለም። በሦስተኛው፣ ኦገስት 26፣ ጋዜጠኛ አየው። እንደኛው ልጅ ሦስተኛው ላይ፣ ይገርማል። ጥቁሮችን ለሚጨቁን አገር ባንዲራ ክብር ለመስጠት አልቆምም አለ። ቀጥሎ ኔት ቦየር ከሚባል የቀድሞ የልዩ ኃይል ወታደር ጋር ቁጭ ብለው ተመካከሩና መቀመጡን በመንበርከክ ቀየረው። ወታደር የወደቀ ጓዱ መቃብር ፊት እንደሚንበረከከው ማለት ነው።

ያን ዓመት እስከ መጨረሻው ተጫወተ። በማርች 2017 ከውሉ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድም የኤንኤፍኤል ጨዋታ አልተሰለፈም። 32 ክለብ አለ። «ስለተንበረከክ አንቀጥርህም» ብሎ በአደባባይ የተናገረ ግን የለም። ስልኩ ዝም አለ፣ በቃ።

ጋሼ ዳኛ፦
ልጄ፣ ግማሹን ብቻ አትንገሪን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ከውሉ የወጣው ራሱ ነው። ባይወጣም ሊያሰናብቱት እንደነበር አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጆን ሊንች ተናግሯል። በ2016 ቋሚ ሆኖ 11 ጨዋታ ጀመረ፤ ያሸነፈው አንዱን ነው። ቡድኑም ከ16 ጨዋታ ሁለቱን ብቻ ነው ያሸነፈው። እንዲህ ያለ ተጫዋች ቢቀር ምን ያስደንቃል?

እኔ 22 ዓመት ፊሽካ ነፍቻለሁ። ተቀንሶ የቀረ ተጫዋች ሁሉ ወይ አሠልጣኙን ነው የሚከሰው፣ ወይ ዘመድ ስለሌለው ነው። «እግሬ ከብዶ ነው» ያለኝ አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

ሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን በዚያው ዓመት 16 የተሳኩ የጎል ኳሶች ወርውሮ በተጋጣሚ የተነጠቁበት 4 ብቻ ናቸው። በተሸናፊ ቡድን ውስጥ ሆኖ። ኮከብ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን በቀጣዩ ሰመር፣ በ2017፣ ሥራ ያገኙትን ይመልከቱ። ጄይ ከትለር መጫወት አቁሞ ለቴሌቪዥን ተንታኝነት ሊቀመጥ ነበር። በኦገስት የማያሚ ኳርተርባክ ጉልበቱን ሲጎዳ፣ በ10 ሚሊዮን ዶላር ከጡረታ አስነሡት። ካፐርኒክ የዚያን ጊዜ 29 ዓመቱ ነበር፤ ጤነኛ፣ ሥራ ፈላጊ።

የሲያትል ክለብ ደግሞ በሜይ ጠርቶ አነጋገረው። አሠልጣኙ ፒት ካሮል ምን አለ? እሱ በዚህ ሊግ ቋሚ መሆን የሚችል ሰው ነው፣ እኛ ግን ቋሚ አለን። ለቋሚነት አነሰ፣ ለተጠባባቂነት በዛ። መካከል ላይ ወደቀ።

የቡድን 3 አሠልጣኝ፦
እኔም ልናገር፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛን ነውና።

ከውጭ ሆኖ ሲያዩት ምርጫ የችሎታ ፈተና ይመስላል። ከ1 እስከ 14 ላሉት እውነት ነው። ከ15 እስከ 20 ላሉት ግን ሌላ ሒሳብ አለ። ልምምድ ይመጣል ወይ? መኪና የሌላቸውን ልጆች ያደርሳል ወይ? ከማን ጋር ይጣላል? በእነዚህ ነው የምመርጠው። ኮከብ ጣጣ ቢያመጣ ትሸከመዋለህ። ተጠባባቂ ጣጣ ሲያመጣ ግን ትተወዋለህ፤ ከሱ እኩል የሚጫወት ሌላ አራት ልጅ አለ።

ካነሣችሁት አይቀር፣ የፊላደልፊያው ማልኮም ጄንኪንስ በመዝሙር ሰዓት እጁን ጨብጦ ሲያነሣ ነበር። ማንም አልነካውም። በፌብሩዋሪ 2018 ሱፐር ቦውል በላ። ለምን? ያለሱ መከላከያው አይቆምማ። ካፐርኒክ ግን በዚያን ጊዜ 15ኛ ሰው ሆኗል። ስለዚህ ክፋት ብቻ አታድርጉት።

ሕግ ተማሪዋ፦
ወንድሜ፣ ይህን ነው ስጠብቅ የነበረው! ተቃውሞ ኮከቡን አያባርርም፤ ሚዛን ላይ ያለውን ነው የሚያወርደው። ስለዚህም አይታይም።

ኤሪክ ሪድ አብሮት የተንበረከከ ተከላካይ ነው፣ አንድ ጊዜ ለፕሮ ቦውል፣ ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ። በ2018 ውሉ ሲያልቅ የቅጥሩ ወቅት አለፈው፣ ዝግጅቱ አለፈው፣ ውድድሩም ያለሱ ተጀመረ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ካሮላይና ተከላካይ ሲጎድለው ነው የተጠራው። ወዲያው ገብቶ ቋሚ ሆነ። የዝግጅት ወቅቱ ሁሉ ያለፈው ሰው!

ክሱንም ላስረዳ፤ ለአንቀጻችን ይጠቅማል። የመናገር መብት የሚለው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚይዘው መንግሥትን ነው፤ የግል ቀጣሪን አይነካም። ስለዚህ ካፐርኒክ በኦክቶበር 2017 የከሰሰው በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል ባለው የኅብረት ስምምነት አንቀጽ 17 ነው። አንቀጹ የሚከለክለው ክለቦች ተመሳጥረው ተጫዋች እንዳይቀጠር ማድረግን ነው። አንድ ክለብ ለብቻው አልፈልግህም ቢል ጥፋት የለበትም። ከዚህም በላይ፣ ተጫዋቹ ጎበዝ ነው፣ ግን ማንም አልጠራውም የሚለው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ተብሎ ተጽፏል። በግልጽ! ዝምታውን ሕጉ አስቀድሞ ከልሎለታል።

እንዲያም ሆኖ ገላጋይ ዳኛው በኦገስት 2018 ሊጉ ክሱ ይዘጋልኝ ሲል እምቢ አለ። በፌብሩዋሪ 2019 ተስማምተው ዘጉት።

ገንዘብ ያዥ፦
ስንት ከፈሉት?

ሕግ ተማሪዋ፦
ስምምነቱ ምስጢር ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እንደኛ ሒሳብ።

ፀሐፊ፦
ገንዘብ ያዥ፣ ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ እንደሚገባ አትርሳ።

አባል ከአትላንታ፦
ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዘገየሁ። እዚህ ሠፈር የሆነውን ልጨምር። ኖቬምበር 2019 ሊጉ ራሱ ለካፐርኒክ የሙከራ ቀን አዘጋጀ፤ ቅዳሜ ቀን፣ በአትላንታ ፋልከንስ ልምምድ ሜዳ። በሚፈርመው ወረቀትና በካሜራ ጉዳይ አልተስማሙም። በመጨረሻው ሰዓት ካፐርኒክ ሙከራውን ሪቨርዴል ወዳለ ሃይስኩል ሜዳ ወሰደው፤ ከመጀመሪያው ቦታ የአንድ ሰዓት መንገድ ገደማ ነው። ከክለብ መልማዮቹ አብዛኞቹ ሳይመጡ ቀሩ። ወርውሮ አሳያቸው፤ ሰዎች በአጥር ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያስ? ምንም።

በጁን 2020 ኮሚሽነሩ ሮጀር ጉዴል ተጫዋቾቻችንን ቀደም ብለን ባለመስማታችን ተሳስተናል አለ። የካፐርኒክን ስም አልጠራም። በ2022 ሬይደርስ የሚባለው ክለብ ጠርቶ አየውና አሁንም ዝም። እኔን የሚያናድደኝ ይቅርታው ከመጣ በኋላም ስልኩ አለመደወሉ ነው።

የሩጫ ክፍል ተጠሪ፦
የኛን ሰው አለማንሣታችሁ አስገርሞኛል። ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን እጁን አጣምሮ የገባው ኦገስት 21፣ 2016 ነው። ካፐርኒክ ከመታየቱ አምስት ቀን በፊት። ሁለቱም አንድ ሳምንት ላይ! ፈይሳ የብር ሜዳሊያውን ይዞ ወደ አገር ሳይመለስ አሜሪካ ቀረ፤ የተመለሰው በኦክቶበር 2018 ነው። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ቤተሰብ፣ አገር።

ግን ሥራውን ማንም ሊቀማው አልቻለም፣ ሩጫ ሰዓት ነውና። 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ የሮጠን ሰው «ቦታው ሞልቷል» ማለት አይቻልም። ኳስ ግን የሚሰጥህ ሰው ይፈልጋል። አሠልጣኝ ካልጠራህ ብቻህን ሜዳ ላይ ቆመህ ምን ታደርጋለህ? ስለዚህ ኳስ ላይ ነው ደንብ የሚያስፈልገው። የሩጫ ክፍሉን አንቀጹ ውስጥ ባታስገቡን ይሻላል።

ጋሼ ዳኛ፦
ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

እኔ አሜሪካ ስገባ የቅርጫት ኳሱን ቡድን ቺካጎ ቡልስን ነበር የምከታተለው። ክሬግ ሆጅስ የሚባል ተኳሽ ነበራቸው። የሦስት ነጥብ ውድድሩን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል። ቡልስ የ1991ን ዋንጫ በልተው ዋይት ሀውስ ሲጋበዙ፣ እሱ ዳሺኪ የሚባለውን የአፍሪካ ልብስ ለብሶ ገባና ለፕሬዚዳንት ቡሽ ስለ ድሆችና ስለ ጥቁሮች የጻፈውን ደብዳቤ ሰጠ። በ1992 ቡልስ ለቀቁት። 32 ዓመቱ ነበር። ሊሞክረው እንኳ የጠራው ቡድን አልነበረም። የዚያን ጊዜ «አርጅቶ ነው» ብዬ አለፍኩት። ተኳሽ ግን በ32 ዓመቱ አያረጅም። ዳኛ ሆኜ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ስለዚህ ረቂቁ ይቀየር። የአሠልጣኙን ልብ መመርመር አንችልም። ዳኛ ግን ቢጫ ካርድ ሲያወጣ ለምን እንዳወጣ ሪፖርት ላይ ይጽፋል። አሠልጣኝስ ለምን አይጽፍም?

ሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ።

ፀሐፊ፦
እንግዲህ ሁሉንም ሰብስቤ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«1. አሠልጣኝ የምርጫ መስፈርቱን ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ ለማኅበሩ ያስገባል።
2. ባለፈው ዓመት የተሰለፈ ተጫዋች ዘንድሮ ካልተመረጠ፣ አሠልጣኙ ምክንያቱን በቅጽ ላይ ሞልቶ ለተጫዋቹ ይሰጣል።
3. ያልተመረጠ ተጫዋች ከጠየቀ፣ ሌሎች ቡድኖች ባሉበት አንድ የሙከራ ቀን ይዘጋጅለታል፤ ቦታውና ሰዓቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ይነገራል።
4. ተጫዋች በባንዲራ ሥነ ሥርዓት ጊዜ የመሰለፍም ያለመሰለፍም መብት አለው፤ ሌላውን መረበሽ ግን አይፈቀድም።»

ቁጥር 3 ላይ «ከሁለት ሳምንት በፊት» ያልኩት የአትላንታውን ሰምቼ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
የሙከራው ቀን የሜዳ ኪራይ ከየት ይምጣ? ካውንቲው በሰዓት ነው የሚያስከፍለን። ከልምምድ ሰዓት ላይ ቀንሱ እንጂ አዲስ ኪራይ አልፈርምም።

አባል ከአትላንታ፦
4 ቁጥር ጉባኤው ላይ ያጣላል። የሊጉ ባለቤቶች በሜይ 2018 ሜዳ ላይ ያለ ይቁም፣ ያልፈለገ መልበሻ ክፍል ይቆይ የሚል ደንብ አወጡ። ተጫዋቾቹ ተቃወሙ፤ በሁለት ወር ውስጥ ታገደ። ድምፁ ለየብቻ ይሰጥ፤ አንዱ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ።

ፀሐፊ፦
ተቀብያለሁ። 4ኛው ለብቻው። የሜዳውም ከልምምድ ሰዓት ላይ ይሁን።

የቡድን 3 አሠልጣኝ፦
አንድ ነገር ስላልተናገርኩ ነው ዝም ያልኩት። ልጁ የኔ ቡድን ልጅ ነው። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ግን ይሉኝታ ይዟችሁ አልጠራችሁኝም። ፎቶው ከዞረ በኋላ ማልያ ከሚያሠሩልን ሰዎች ሁለቱ ደወሉልኝ። አውጣው ያለኝ የለም። «ዘንድሮም ያ ልጅ አለ እንዴ?» ነው ያሉኝ። የቀረውን እኔ ራሴ ጨረስኩት። ሌሎቹ አሠልጣኞች ሲጠይቁኝ ደግሞ «ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን...» አልኩና ተውኩት። «ግን» ካልክ በኋላ ማን ይጠራዋል?

ቅጹ እስኪጸድቅ አልጠበቅኩም። ለባለፈው ምርጫ ሞልቼ አሁን ለፀሐፊ ልኬያለሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ስልክ ተደወለልኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለልጁም አንድ ቅጂ እሰጠዋለሁ።

ፀሐፊ፦
ደርሶኛል። ፊርማ ረስተሃል፤ እሑድ ስትመጣ ትፈርማለህ። የአዳራሹ ቁልፍ ገንዘብ ያዥ ጋ ነው። ቡናውን ማን ያፈላል?